ክንዱ ላይ ያለው ሕፃን

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ገበታ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ለራሱ ማቅረብ አያውቅበትም። ኔሜሲዮ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል በጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ናሽናል ሲቲ በምትባል ከተማ በገዛት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻውን ይኖራል። ራት ሲደርስ ሩዙን ይቀቅላል፣ ዓሣውን ይጠብሳል፣ ጠረጴዛውን ያሰናዳል። ሹካው በግራ፣ ቢላው በቀኝ፣ የአፍ መጥረጊያው በሦስት ታጥፎ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከወንበሩ ጀርባ ይቆማል። የሚበላው ሰው ራሱ መሆኑ ትዝ የሚለው ትንሽ ቆይቶ ነው። ብቻውን ይስቃል፤ ብቻውን መሳቁ ደግሞ ሆዱን ያባባዋል።

ሰፈሩ ሰው ጠፍቶበት አይደለም። ግማሹ እንደሱ ነው፤ ከፊሊፒንስ በጉብዝናው ተመልምሎ በመርከብ ላይ ሸብቶ የወጣ። «ኩያ ሜሲዮ» እያሉ እንደ ታላቅ ወንድም ያከብሩታል፤ ሠርግም ክርስትናም ያለሱ አያደርጉም። እሱም ይሄዳል። ጭፈራው ሲደምቅ ግን ፈልጉት ቢባል የሚገኘው ወጥ ቤት ነው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ሲያጥብ። አንዷ ቀልደኛ ጎረቤት፣ አንተን የምታገባ ሴት የታደለች፣ እጇ ውሃ ሳይነካ ታረጃለች ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው። ኔሜሲዮም አብሮ ሳቀ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ያችን ቤት አንድም ሴት ረግጣት አታውቅም።

በፈረንጆቹ 1978 መጋቢት ላይ የእናቱ መርዶ ደረሰው። ደብዳቤው ባሕር እስኪሻገር እሷ ተቀብራ አልቃለች። ለቀብሯ ባይደርስ ለአርባዋ ልድረስ ብሎ ሻንጣውን ይዞ ተነሳ፤ መመለሻ ቲኬቱንም አብሮ ቆረጠ። ካዊት፣ ያች በማኒላ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቀመጠች የጨው አገሩ፣ ገና ሳይደርስባት በጨው ሽታዋ ተቀበለችው። በጋ ነው፤ ጨው የሚታፈስበት ጊዜ። ያን ሽታ ሲስብ ሲሸሸው የኖረው ነገር መጣበት። ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ስሟ ሌዎኒላ ነው።

የአርባው ጸሎት አልቆ ሴቶቹ የሩዙን ቂጣ ሲያድሉ፣ አሊንግ ሁሊያና የሚሏት ጎረቤት አሮጊት አጠገቡ መጥታ ቁጭ አለች። ፈረደበት፤ እሷ ዘንድ ምላስ እንጂ ልጓም የለም። እናቱ እንዴት ጥሩ ሴት እንደነበረች ነገረችው፣ መወፈሩን ነገረችው፣ ጸጉሩ መሳሳቱንም አልደበቀችውም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ምነው ሚስትህን ጥለህ መጣህ? ልጁስ? ይሄኔኮ ጎረምሳ ሆኗል።»

«የማን ልጅ?»

አሮጊቷ በከንፈሯ ወደ ግድግዳው ጠቆመችው።

ኔሜሲዮ ቀና አለ። ከማርያም ሥዕል ጎን በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ ፎቶግራፍ አለ። ነጭ ትልቅ ቤት። ለምለም ሣር። ሰማያዊ መኪና። ፊት ለፊት የክት ልብሱን ለብሶ የቆመ ወጣት መርከበኛ፣ ጥርሱን ገልጦ። ክንዱ ላይ ጸጉሩ እንደ በቆሎ ጭገር የነጣ ሕፃን። ወጣቱ እሱ ራሱ ነው። ፎቶውንም የላከው እሱ ራሱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሏል እንዲህ ነው፤ መንደሩ ሁሉ አሥራ ሰባት ዓመት ሲያወራው የኖረውን ኔሜሲዮ ገና አሁን ሰማ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ማለት ግድ ነው፤ አለዚያ የዚህ ሰው ክው ማለት አይገባም።

የኔሜሲዮ አባት ሳልቫዶር በዶን ኤፒፋኒዮ የጨው ማሳ ላይ ጨው አፋሽ ነበር። ሌዎኒላ የዶን ኤፒፋኒዮ አንድያ ልጅ ናት። ልጆቹ እንዴት እንደተዋደዱ መጠየቅ አያስፈልግም፤ እሱ ከአባቱ ጋር ጨው ይሸከማል፣ እሷ በመስኮት ታያለች፣ ሲያያት ዞር ትላለች፣ ዞር ሲል ታየዋለች። በካዊት ወግ ልጃገረድ የሚፈልግ ወንድ በአፉ ሳይሆን በጉልበቱ ነው የሚጠይቀው። ቤቷ ሄዶ እንጨት ይፈልጣል፣ ውሃ ይቀዳል፤ ወር ይሁን ዓመት ወላጆቿ በቃህ እስኪሉት ያገለግላል። ኔሜሲዮ በሃያ አንድ ዓመቱ ከጎረቤት መጥረቢያ ተውሶ በዶን ኤፒፋኒዮ በር ቆመ።

ዶን ኤፒፋኒዮ ከላይ እስከ ታች አየው። ጨው የሰነጠቀው እግሩ ላይ ዓይኑን አሳረፈ። «አባትህ እያገለገለኝ ነው» አለው። «ከአንድ ቤት አንድ አገልጋይ ይበቃኛል።» በሩንም ዘጋ።

ስድብ ቢሆን ይረሳል። ዱላ ቢሆን ይሽራል። ይሄ ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነው፤ የድሃ ልጅ ሌላው ቢቀር በጉልበቱ እንኳ ሊጠይቅ አይችልም ማለት ነው። ኔሜሲዮ በወሩ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወጣት ይመለምላል ሲባል ሄዶ ፈረመ። ሰው ሆኜ እመለሳለሁ፣ ያኔ በሩ ይከፈታል አለ። ሌዎኒላ በጨው ማሳው ዳር ቆማ፣ «እጠብቅሃለሁ» አለችው። ሌላ ነገር አላለችም።

መርከቡ ላይ የጠበቀው ምን መሰላችሁ? ነጭ ኮትና ሳፋ። ያኔ የሱ አገር ልጅ መርከብ ላይ ሌላ ሥራ አልነበረውም። የመኮንኖቹን ገበታ መዘርጋት፣ ጫማቸውን መወልወል፣ አልጋቸውን ማንጠፍ። ከአንዱ ጌታ በር ተባርሮ ባሕር ተሻግሮ የመቶ ጌታ አገልጋይ ሆነ። ይሄን ለማን ይጽፋል? እናቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ እህቱ ዶራም ያኔ ገና ልጅ ናት። ደብዳቤውን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ ጎራ ብላ የምታነብላት ሌዎኒላ ናት፤ የራሷንም ወረቀት በእናቱ ፖስታ ውስጥ አጥፋ የምትልክለት በዚያው ነው። ስለዚህ ዋሸ። በሞተር ክፍል እሠራለሁ አለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ የመጀመሪያዋ ውሸት ሁለተኛዋን፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን እየጎተተች አምስት ዓመት ሞላው።

ፎቶግራፉ የመጣው ያኔ ነው። ከመርከብ አውርደው አንድ ካፒቴን ቤት የመደቡት ጊዜ። ፎቶው አምሮበት ስለነበር ላከው። ስለ ሕፃኑ አንድ ቃል አልጻፈም፤ ሕፃኑ የማን ነው ለማለት እኔ የቤት አገልጋይ ነኝ ማለት ያስፈልጋል። «አሁን የምኖረው እዚህ ቤት ነው» ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ከሌዎኒላ አንድም ወረቀት አልመጣም።

ኔሜሲዮ ከእንግዶቹ መሀል ተነስቶ እህቱን ዶራን ወጥ ቤት ውስጥ አገኛት። ያን ደብዳቤ ማን አነበበው ብሎ ጠየቃት። ዶራ ድስቱን እየፈተገች፣ ማን ያነባል፣ ያችው ናት እንጂ አለች። ፖስታውን የከፈተችው ሌዎኒላ ነች፤ መጀመሪያ የወደቀው ፎቶው ነው። አንስታ አየችው። ከዚያ ደብዳቤውን ለእናታቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበች፤ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። አጣጥፋ መለሰች፣ የቀረበላትን ውሃ ጠጣች፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። ያን ደጅ ዳግመኛ አልረገጠችም።

«እኔን ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«እማማ ናት የከለከለችን። በቤተ ክርስቲያን ያላገባ እንደሆነ አፍሮ ነው፣ ሲፈልግ ራሱ ይንገረን አለች። አንተም ዝም አልክ።» ዶራ እጇን ጠረገች። «ሌዎኒላ ምነው ጠፋች ብለህ ስትጽፍልኝ ተናደድኩ። ሚስት አግብተህ ስለሷ ምን አገባህ? አትጠይቅ ብዬ መለስኩልህ።»

ያን መልስ ያስታውሰዋል። አንብቦት ለሌላ ተድራለች ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ደስታዋን እመኝላታለሁ በይልኝ ብሎ ጻፈ። ዶራም አደረሰች። እንዲህ ሆኖ፣ እሱ ተወችኝ ሲል እሷ ተወኝ ስትል፣ አንድ የሰው ልጅ በመሀላቸው ፎቶ ላይ ቁጭ ብሎ ስቆባቸው ቀረ። መርከቡ ሁለት ጊዜ ኦሎንጋፖ ወደብ ገብቶ ነበር፤ ከካዊት የግማሽ ቀን መንገድ። ሁለቱንም ጊዜ ጓደኞቹ ወደየቤታቸው ሲበሩ እሱ መርከቡ ላይ ቀርቶ የብር ማንኪያ ወለወለ። የሌላ ሰው ሚስት ሆና ሊያያት አልፈለገም። አባቱ ሲሞት ደግሞ ባሕር ላይ ነበር።

«የማን ሚስት ሆነች?» አለ።

ዶራ ትክ ብላ አየችው። «ማን? ሌዎኒላ? ሁለት ሰው ጠየቃት፤ ሁለቱንም መለሰች። አስተማሪ ናት። አባቷ ግማሽ ጎኑ ከሞተ ወዲህ እሱን ትጠብቃለች። ሰዉ ቆሞ ቀር ይላታል።»

ኔሜሲዮ ወጥቶ ባሕሩ ዳር ተቀመጠ። አሥራ ሰባት ዓመት ከብቸኝነቱ ጋር ተስማምቶ ይኖር ነበር፤ የቆረጠለትን ሰው ብቸኝነቱ አያንገበግበውም። አሁን ግን ያ ሁሉ ራት፣ ያ ሁሉ ባዶ ወንበር፣ ለምንም እንዳልነበረ ገባው። ያመጣው የገዛ ዝምታውና ኩራቱ ነበር። ቲኬቱ አምስት ቀን ቀርቶታል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀውን ያን ነጭ ኮት አውጥቶ ማሳየት አለበት፤ ለዚያውም በዚያ ቤት።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት የዶን ኤፒፋኒዮን በር አንኳኳ። የከፈተችው እሷ ናት። ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፣ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል፤ ዓይኗ ግን ያው የመስኮቱ ዓይን ነው። ያ ዓይን አንድ አፍታ እሱ ላይ አረፈና ወዲያው ተነሳ።

«ይግቡ» አለችው። «እናትዎን ነፍስ ይማር። ለአርባቸው ያልመጣሁት አባቴን የሚይዝልኝ አጥቼ ነው።»

አንቱታዋ ከጥፊ የባሰ ነበር። ገባ። ሽማግሌው ጠረጴዛ አጠገብ በወንበር ተደግፎ ተቀምጧል። ያ አገር የሚያንቀጠቅጥ ሰውዬ አልቋል፤ የቀረው ጆሮና አፍንጫ ነው። ከፊቱ ጎምዘዝ ያለ የዓሣ ሾርባ ቀርቦለት በደህና እጁ ለማንሳት ሲታገል ግማሹን ደረቱ ላይ ደፋው። ሌዎኒላ ጨርቅ ልታመጣ ዞረች።

ኔሜሲዮ አላሰበበትም። እጁ ቀደመው። ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን ፎጣ አነሳ፣ በግራ ክንዱ ላይ ጣለ፣ በሽማግሌው ግራ በኩል ቆመ። ሳህኑን ድምፅ ሳያሰማ አንሸራቶ ወደ ደህናው እጅ አቀረበ። የፈሰሰውን ጠረገ። ከዓሣው ላይ እሾሁን በማንኪያና በሹካ አንድ በአንድ ለቀመና ሥጋውን ሩዙ ላይ አደረገለት። ብርጭቆውን እስከ ግማሹ ሞላ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከወንበሩ ጀርባ ቆመ።

ቀና ሲል ሌዎኒላ ጨርቁን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም አይታለች።

«ይሄን ሞተር ክፍል ነው ያስተማሩህ?» አለችው። አንቱታው ወድቋል።

«ሞተር አይቼም አላውቅ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ይሄንኑ ነው።»

«ልጁስ?»

«የካፒቴኑ ነው። ሚስቱ ፎቶ ላንሳህ አለችኝ፣ እስቲ ያዘው ብላ ሰጠችኝ። ቤቱ የነሱ፣ መኪናው የነሱ። እዚያ ፎቶ ላይ የኔ የሆነው ፊቴ ብቻ ነው።»

«የምኖረው እዚህ ቤት ነው ብለህ ነበር።»

«ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ነበረችኝ።»

ሌዎኒላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሽማግሌው ሩዙን ሲያኝክ ይሰማ ነበር።

«ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አለ ኔሜሲዮ። «አባትሽ ከአንድ ቤት አንድ አገልጋይ ይበቃኛል ብለው ነው ያባረሩኝ። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጬ ያው አገልጋይ ሆንኩ ልበል? የምታነቢውኮ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ያፈርኩብህ መቼ ነው?» ድምጿ ያኔ ነው የተንቀጠቀጠው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ዘግይቶ። «እኔ የወደድኩት በተውሶ መጥረቢያ በራችን ላይ የቆመውን ልጅ ነው። የሞተር ሰው አምጡልኝ አላልኩ። ታውቃለህ ምን ሳደርግ እንደኖርኩ? የዚያን ሕፃን ዕድሜ ስቆጥር። ዘንድሮ ጥርሱን ነቀለ፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባ፣ ዘንድሮ ድምፁ ጎረነነ እያልኩ። የሌለህን ልጅ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ኔሜሲዮ። አንተማ ፎቶ ተነስተህ ሄድክ።»

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ እሱ ፎጣው ክንዱ ላይ እንዳለ ቆሞ አያት፤ ሊያቀርብላት እንኳ አልደፈረም።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ከአራት ቀን በኋላ።»

«ታዲያ ምን ልትል መጣህ?»

«ያኔ የተከለከልኩትን ልጠይቅ። እንጨት ልፍለጥ፣ ውሃ ልቅዳ።»

ሳቀች። ሳቋ ለቅሶ ነበር። «ውሃው በቧንቧ መጥቷል። ምድጃው በጋዝ ሆኗል። ዘገየህ» አለችና ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች። አልተመለሰችም።

ፎጣውን አጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረና ወደ በሩ ሄደ። እግሩ ደፉ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ከኋላው ተጣራ። «ሳልቫዶር! ጨዉ ገባ?»

አባቱ መስሎታል። ኔሜሲዮ ዞር አለ። ማሳው ከተሸጠ ስንት ዓመቱ፣ ሳልቫዶር ከሞተ ስንት ዓመቱ።

«ገብቷል ጌታዬ» አለው፣ አባቱ ይለው እንደነበረው። ሽማግሌው እፎይ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ኔሜሲዮ እንደዚያች ደቂቃ ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ አይጠየቅ። ጠዋት ሻንጣውን አውጥቶ ልብሱን ሲያጣጥፍ ዶራ ከገበያ ዓሣ ይዛ ገባች። ስለ ዓሣው ዋጋ አማረረች፣ ስለ ሙቀቱ አማረረች፣ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ሌዎኒላ ግን ደህና ናት? በማለዳ ሦስት ጋሪ ሙሉ ማገዶ ስትገዛ አየኋት። ግንዱን፣ ያልተፈለጠውን። ጋዛቸው አለቀ እንዴ?»

ኔሜሲዮ የያዘውን ሸሚዝ ለቀቀው። መልስ ሳይሰጣት ከጓሮ መጥረቢያ አንስቶ ወጣ። ዶራ ዓሣውን ይዛ በሩ ላይ ቀረች፤ ቆይቶ ነው አፏን በእጇ የያዘችው።

ግንዱ በዶን ኤፒፋኒዮ ግቢ፣ በመስኮቱ ሥር ተከምሯል። በሩ ክፍት ነው። ማንም አልተቀበለውም፣ ማንም አልከለከለውም። ኔሜሲዮ አንዱን ግንድ አቆመና መጥረቢያውን አነሳ። ሃያ ሁለት ዓመት ትሪ የያዘ እጅ፤ መጥረቢያው ግንዱን ስቶ መሬት ላይ ተሰካ። ከመስኮቱ የታፈነ ሳቅ ሰማ። ያን ሳቅ ከሃያ አንድ ዓመቱ ወዲህ አልሰማውም ነበር። ቀና ሊል ፈለገ፣ አልቻለም፤ እንባው ቀድሞታል። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጠ። ሁለተኛው ምት ያዘ።

«ማነው የሚፈልጠው?» አለ የሽማግሌው ድምፅ ከውስጥ።

«ኔሜሲዮ ነው አባዬ። የሳልቫዶር ልጅ። ሊያገለግለን መጥቷል።» ሌዎኒላ ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፤ ውጭ እንዲሰማ።

ኔሜሲዮ መጥረቢያውን አወረደ።

«ሳልቫዶርስ?»

«ሞቷል አባዬ።»

«እንግዲያው ይፍለጥ» አለ ሽማግሌው።

ምርቃት ይሁን ያው የድሮው ስድብ ኔሜሲዮ አልለየውም። መለየትም አላስፈለገው። ክምሩን አየት አደረገው። በቀሩት ሦስት ቀናት የሚያልቅ አልነበረም፤ በወርም የሚያልቅ አልነበረም፤ ሌዎኒላ አስባበታለች። ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ሌላ ግንድ አቆመ።